የወይዘሮ ደሳንካ ዓምድ

የኒቆላዎስ ዕለት ኒሽ ከተማ ውስጥ ቢሮ የሚገባ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ እንደ እኔ የሌላ ቅዱስ ዝክር ያለው ነው። የከተማው ግማሽ በየቤቱ ዝክሩን ደግሶ እንግዳ ይጠብቃል፤ ሌላው ግማሽ ከቤት ቤት እየዞረ ይበላል። የእኛ ቤት ዝክር እስጢፋኖስ ነው፣ ጥር መግቢያ ላይ። ስለዚህ በኒቆላዎስ ቢሮውን እኔ እጠብቅላቸዋለሁ፣ በእስጢፋኖስ ደግሞ እነሱ ይጠብቁልኛል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አያፈርሰውም።

ሥራችን የደም መዝገብ መያዝ ነው። ማን ለገሰ፣ ደሙ ምን ዓይነት ነው፣ ምርመራው ምን አለ፣ ደሙ እንዲሰጥ ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ፣ ከረጢቱ የቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሁሉም ሚሊዮኖች ረድፍ ባለው አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ዋናው ሰርቨር ኒሽ ነው ያለው። በሦስት ተራራ ላይ ባሉ ሦስት ሆስፒታሎች ውስጥ ደግሞ ሦስት ቅጂዎች አሉ። በረዶ መስመሩን ቢቆርጠው እንኳ ሐኪሙ የራሱን ቅጂ ያነባል። ዋናው ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ በተጻፈበት ተራ፣ ወዲያው ሦስቱም ጋ ይደርሳል። ስድስት ዓመት ይህንን እያየሁ ኖሬ አንድም ቀን ገርሞኝ አያውቅም ነበር። ቧንቧ ሲከፈት ውኃ መምጣቱ ማንን ይገርመዋል?

በዚያ ዓመት ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ እንድጨምር ታዘዝኩ። ኬል የሚባለው የደም ዓይነት የሚጻፍበት ዓምድ። ነገሩን ያመጡት ወይዘሮ ደሳንካ ናቸው፤ ከሦስቱ ሆስፒታሎች የትንሹ የደም ላቦራቶሪ ኃላፊ። በአካል ተገናኝተን አናውቅም፣ ድምፃቸውን ግን ከእናቴ ድምፅ እኩል አውቀዋለሁ። ሾተላይ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አርኤች የሚባለውን ነው። ኬልም እንደዚያው ነው፤ ኬል ኔጌቲቭ የሆነች ሴት ኬል ፖዘቲቭ ደም ከተሰጣት፣ ያን ጊዜ ምንም አይሰማትም፤ ከዓመታት በኋላ ስታረግዝ ነው ጉዱ የሚወጣው። የወይዘሮ ደሳንካ ልጅ በመኪና አደጋ ጊዜ እንዲህ ያለ ደም ተሰጣት። ከረጢቱን ከማቀዝቀዣ አውጥተው የሰጡትም እናቷ ራሳቸው ናቸው፤ ከረጢቱ ላይ ስለ ኬል የሚናገር ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ሳትስም ቀበረች። እናትየው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፉ፤ መዝገቡ ላይ አንድ ቦታ ስጡኝ፣ ሌላ አልጠይቅም እያሉ። በመጨረሻ ተፈቀደ።

ይህን ዓይነት ሥራ ከዚያ በፊት የምትሠራው ቪዶሳቫ ነበረች። እኛ እትዬ ቪዳ እንላታለን። ሥልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ጡረታ ትወጣለች። መጀመሪያ ስቀጠር «እርስዎ» ብያት «አንቺ በለኝ፣ እርስዎ ስባል የተቀበርኩ ይመስለኛል» አለችኝ። ዝክሯ ኒቆላዎስ ነው፤ ስለዚህ በዕለቱ እቤቷ ናት። ሥራውን ለእኔ ስትሰጠኝ አንድ ገጽ ወረቀት በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ዋናውን አትነካውም፤ ሚሊዮን ረድፍ ቅርጹን ሲቀይር ማንም ሊጽፍበት አይችልም፣ በዚያች ሰዓት ደግሞ አንዱ ደም ይፈልጋል። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ታስተካክላለህ፤ አንዱ ሲሠራበት ሌሎቹ ያገለግላሉ። ሦስቱም ሲያልቁ ከተስተካከሉት አንዱን ዋና ታደርገዋለህ። ማንም ሳያውቅ መዝገቡ ሌላ ቅርጽ ይይዛል። እትዬ ቪዳ አራተኛው መስመር ላይ «አዲሱ ዓምድ መጨረሻ ላይ» ብላ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

እኔ ብልጡ፣ ያችን መስመር የአሮጊት ፈሊጥ አደረግኳት። ኬል የአርኤች ወንድም አይደለም እንዴ? ሐኪሞቹስ ሁለቱን ጎን ለጎን አይደለም የሚያነቡት? ከምርመራውና ከፈቃዱ ሁሉ በኋላ ጥግ ላይ ምን ያደርጋል? ከአርኤች ቀጥሎ፣ መሀል ላይ አስቀመጥኩት። ሥርዓት ያለው ሰው ነኛ!

ቀኑን የመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ በኒቆላዎስ ቀጠሮ ያለው ቀዶ ሕክምና ስለሌለ መዝገቡ ጸጥ ይላል ብዬ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በትንሹ ሆስፒታል፣ በወይዘሮ ደሳንካ ቅጂ ጀመርኩ። በሃያ ደቂቃ አለቀ። ቅጂው ከዋናው ጋር ተመልሶ ተገናኘ፣ ስህተት የሚል ነገር የለም፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከማዶው መጋገሪያ ቡሬክ፣ አይብ ያለበት ቂጣ፣ ገዝቼ መጣሁ። ጾም ነበር፤ እኔ ግን ጾም የምጾመው ሰው ቤት ስጋበዝ ብቻ ነው። እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቅዬ በላሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ።

«ኦግኜን ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ» አሉ ወይዘሮ ደሳንካ።

«የእኔ ባይሆንም አብሮ ያድርሰን።»

«ስማኝማ፣ የዚህን ከተማ ሰው ጉበት ምን ነካው? ትናንት ስድስት ሰው ለገሰልኝ። ውጤታቸው አሁን ከኒሽ መጣ። አምስቱ የጉበት ቫይረስ ፖዘቲቭ ናቸው ይላል! አንዱ እኮ ቄሳችን ናቸው።»

«አምስት? ከስድስት?»

«አዎ። ስድስተኛው ብቻ ንጹሕ ነው። ኦ ኔጌቲቭ፣ የምፈልገውም እሱን ነው። አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ አውጥቼዋለሁ። ፈቃዱ ባዶ ነው፣ ፈቃጁ ለዝክር ሄዶ ነው ብዬ በራሴ ፊርማ ላወጣው ነበር። ዛሬ ማን ቢሮው ይገኛል?»

«እና?»

«እናማ አዲሱ ዓምድህ ኬል ፖዘቲቭ ነው አለኝ። ይኼን ደም ለዚች ልጅ እንዴት አድርጌ ልስጣት? ነገ ሌላ ልጅ ትፈልግ የለም? እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ኬል መመርመር አልተጀመረም ነበር። ዓምዱ ባዶ መሆን ነበረበት። ባዶ ቦታ ላይ ማን ገብቶ ፖዘቲቭ ብሎ ጻፈ?

«ወይዘሮ ደሳንካ፣ ከረጢቱን አይንኩት። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«አምስት ደቂቃ አላት። አሥር የላትም» ብለው ዘጉት።

እትዬ ቪዳ ጋ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጮኾ አነሳችው። ከኋላዋ ዘፈን፣ የሳህን ኳኳታ፣ የወንዶች ሳቅ ይሰማል።

«እንኳን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው፣ ድምፅህ የእንኳን አደረሰሽ ድምፅ አይደለም። ምን አደረግክ?»

«ባዶው ዓምድ ውስጥ ውጤት ገብቷል። ከየት እንደመጣ...»

«የት አስቀመጥከው?»

«እ?»

«ዓምዱን! የት ነው ያስቀመጥከው?»

«ከአርኤች ቀጥሎ።»

በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ዘፈኑ ራቀ።

«አየህ ልጄ» አለች። አልተቆጣችም፣ ያ ነው የባሰብኝ። «ዋናው የዓምድ ስም አይጠራም። ወንበር ነው የሚቆጥረው። አሁን ሳሎን ውስጥ ባሌ ሳህን ያቀብላል፣ ለሦስተኛው፣ ለአራተኛው እያለ። ማን እንደተቀመጠ አያይም። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ማንም አይጎዳም፤ ለእሱ ሳህን እስኪመጣ ባዶ እጁን ይጠብቃል። መሀል ከተሰነቀረ ግን ከእሱ በታች ያለው ሁሉ የጎረቤቱን ይበላል። ስኳር ያለበት አጎቴ ኬክ ይደርሰዋል። ገባህ?»

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ። ዋናው ላይ ከአርኤች ቀጥሎ ያለው የጉበት ቫይረስ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ፈቃድ። በወይዘሮ ደሳንካ ቅጂ ላይ የቫይረሱ ውጤት ኬል ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፈቃዱ ደግሞ የቫይረሱን ወንበር ይዟል። ሁሉም የሚጻፉት በመደመርና በሰረዝ ምልክት ነው፤ ለንጹሕ ደም ፈቃዱ ላይ መደመር ይገባል፣ ያ መደመር ቫይረሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ፖዘቲቭ ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ንጹሕ የሆነው ሁሉ በሽተኛ መስሏል፤ በሽተኛው ደግሞ ንጹሕ።

ዋናውን ከፈትኩ። ከትናንት ስድስት ለጋሾቻቸው የመጨረሻውን ፈለግኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ከረጢት፣ መቶ ሃያ አንድ፦ የጉበት ቫይረስ ፖዘቲቭ። ፈቃድ ተከልክሏል።

«ፖዘቲቭ ነው፣ እትዬ ቪዳ። ሊሰጧት ነበር።»

«አልቅሰህ የምትጨርስበት ጊዜ የለህም። ዋናው ላይ ኦ ኔጌቲቭ ሌላ አላቸው?»

አየሁ። መቶ አሥራ ስምንት፣ ኦ ኔጌቲቭ፣ ከቫይረስ ነፃ፣ የተፈቀደ። የቄሱ ደም ነበር።

ለወይዘሮ ደሳንካ በቢሮው ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው።

«የኮምፒውተሬ ማያ ይኼኛው በሽተኛ ነው ይለኛል። አንተ ንጹሕ ነው ትለኛለህ። ማንን ልመን?»

«ማያው ይዋሻል። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰበብ የለኝም። እኔንም አይመኑኝ። ኒሽ ላቦራቶሪ ደውለው ወረቀቱን ያስነብቧቸው፣ ተረኛው እዚያው አለ።»

«ብልህ ሆንክ አሁን» ብለው ዘጉት።

ሦስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሦስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ አንዲት መስመር በስልኬ መጣች፦ «መቶ አሥራ ስምንት ገብቶላታል። አሁን ማሽንህን አስተካክል።»

እትዬ ቪዳ ስልኩን አልዘጋችም ነበር። በዝክር ቀን የቤቱ ባለቤት ለእንግዳ ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ ስልክ ይዞ ጓዳ አይሸሸግም፤ እሷ ግን ተሸሸገችልኝ።

«ከአራት ሰዓት በኋላ የደረሰውን የተበላሸ ረድፍ አንድ በአንድ ላርመው?» አልኳት።

«በጭራሽ። የነካኸውን ቅጂ ጣለው። ጠዋት ሳትጀምር ያስቀመጥከው አለህ አይደል? እሱን መልሰህ አስቀምጥ። ከዚያ ዋናውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንዲደግምልህ ጠይቀው።»

«ሁሉንም ያስታውሳል?»

«ሁሉንም። ከነተራው።»

ያስቀመጥኩትን መለስኩ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ማያው ጥግ ላይ ቅጂው ከዋናው ስንት ሰከንድ ወደኋላ እንደቀረ የሚያሳየው ቁጥር ብቅ አለ። ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ። ድገም ብዬ አዘዝኩት።

ከዚያ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ያ ጠዋት እንደ አዲስ ማለፍ ጀመረ። በተራራ ላይ ያለች ነርስ የአንድ ሰው ስም ተሳስታ ስትጽፍ፣ ከአርባ ሰከንድ በኋላ ራሷ ስታርመው፣ አየሁ። አንድ ከረጢት ከማቀዝቀዣ ወጣ። ሌላው ተመለሰ። አንድ ለጋሽ ስልክ ቁጥሩን ቀየረ። እኔ ቡሬክ እየበላሁ ሳለሁ፣ ሁለት መቶ ሰዎች በሦስት ተራራ ላይ የሠሩት ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ የታረመው ስህተት እንኳ ከነእርማቱ፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ተራውን ሳይዘል፣ በፊቴ እየሮጠ አለፈ። ስድስት ሺህ። ሁለት ሺህ። ሦስት መቶ። የስድስቱ ሰዎች ውጤት ተራው ደርሶ ሲመጣ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። እያንዳንዱ በወንበሩ ተቀመጠ። የመቶ ሃያ አንድ ቫይረስ ፖዘቲቭ ሆነ፤ የቄሱ ጉበት ዳነ። ሰባት። ሁለት። ዜሮ።

ዜሮውን ሳይ ባርኔጣ ብለብስ ኖሮ አወልቅ ነበር። ሰው የሠራው ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ሽቦና ብረት ነው። ግን ከእኛ መሀል የጠዋት ውሎውን እንዲህ ሳይሰርቅ፣ ሳያሳምር፣ ሳይዘል መናገር የሚችል ማነው? ስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እትዬ ቪዳ ቤት ሄድኩ። ዝክር ቤት ማንም አይጠራህም፣ ትሄዳለህ እንጂ። ጠረጴዛው ጢም ብሎ ነበር፤ የተቀቀለው ስንዴ፣ የዓሣ ሾርባው፣ ሻማው። ባሏ ገና ሲያየኝ «ና፣ መሀል ግባ! ጠጋ በሉለት!» ብሎ ጮኸ።

«አይ፣ ጥግ ይሻለኛል» አልኩ።

የተጠበሰ ዓሣ ተሸክማ ቆማ የነበረችው እትዬ ቪዳ ከት ብላ ሳቀች፣ ትሪው እስኪያዘነብል። ማንም ምን እንዳሳቃት አልገባውም። ስኳር ያለበት አጎቷ «ይቺ ሴትዮ የራኪያ አረቄውን ቀድማ ቀምሳለች» አለ።

በኋላ ጓዳ ውስጥ ሳህን እያቀበልኳት «ከእንግዲህ አልነካውም። ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት።

«እኔም ሠርቼዋለሁ» አለች፣ ሳትዞር። «የወተት ፋብሪካ እያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እርጎው አይብ ተብሎ ተሸጠ። ሰው ከደቡብ እስከ ሰሜን አይቡ ቀጠነ እያለ አማረረ። አራተኛውን መስመር ያሰመርኩት ለጌጥ መሰለህ?»

«የአንቺ እርጎ ነው። የእኔ ደም ነው።»

«ለዚህ ነው አንተ የምትጨርሰው። ነገ ስድስት ሰዓት እመጣለሁ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ። ያልተንቀጠቀጠ እጅ ዛሬ ጠዋት አይተናል።»

በማግስቱ መጣች። የትናንት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛልኝ፣ ከኋላዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የወይዘሮ ደሳንካን ቅጂ አወጣሁ፤ ኬልን መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም በታች አስቀመጥኩ። አያያዝኩት። ዋናው ማቀበሉን ቀጠለ፤ አዲሱ ወንበር ባዶውን ዝም ብሎ ጠበቀ። ሌላ ነገር እንዳልገባበት ለማረጋገጥ አሥር ረድፍ፣ ከዚያ መቶ ረድፍ ከዋናው ጋር አስተያየሁ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዚያ የመጨረሻው ቀረ፤ ከተስተካከሉት አንዱን ዋና ማድረግ።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ዞር ብዬ አየኋት። እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ደብቃ ነበር፤ እንዳትነካብኝ።

ተጫንኩት።

ምንም አልሆነም። ምንም! መብራት አልበራም፣ ድምፅ አልተሰማም። በሦስት ተራራ ላይ ያሉ ሰዎች እየጻፉ ነበር፣ መጻፋቸውን ቀጠሉ። አንዱ ቃል በድሮው መዝገብ ተጀምሮ ቀጣዩ በአዲሱ ገባ፤ በመሀላቸው የመርፌ ዐይን የሚያህል ክፍተት አልነበረም። የአንድን ቤት ምሰሶ ሁሉ ቀይረን ውስጡ የተኛው ሕፃን አልነቃም። እትዬ ቪዳ በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ስትሠራው የኖረችው ይኼን ነው፣ ማንም ሳያጨበጭብላት። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሉ ወይዘሮ ደሳንካ። «ሥራ ላቁም ወይስ ልቀጥል ብዬ ነው።»

«ጨርሰናል።»

«ምኑን ጨረሳችሁ? እየጻፍኩ እኮ ነው።»

«እየጻፉ ሳለ ነው የጨረስነው።»

የትናንቷ ልጅ እንዴት እንዳደረች ጠየቅኳቸው። ደሟ ቆሟል፣ ሴት ልጅ ናት የወለደችው፣ ስትጮህ ሌሊቱን ሁሉ አስነሥታለች አሉኝ። የእናትየውን ናሙና ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ኒሽ ልከዋል፤ ኬል የሚመረመርላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ እንድትሆን ለላቦራቶሪው ራሳቸው ለምነው።

እያወራን ሳለ ውጤቷ ዋናው ላይ ተጻፈ። በእኔ ማያ ላይ አየሁት፣ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ጋ እስኪደርስ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም።

«ቆይ» አሉ። «ቆይ ቆይ። መጣ።»

«ምን ይላል?»

እትዬ ቪዳ ተነሥታ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ከወዲያ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ አፍንጫ ሲሳብ ተሰማን።

«ኔጌቲቭ ናት» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት ሰረዝ ብቻ ናት፣ ኦግኜን። ተጽፋላታለች፤ ከእንግዲህ ማንም አይሳሳትባትም። ለዚች ሰረዝ ነው አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት።»